በዛፍ ሥር ስለሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያን



ላፍቶ የሚለው ስም በኦሮምኛ ግራር ማለት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ግራሩ ለቤትና ለመንገድ ቦታውን ለቆ ጥቂት ብቻ ቢቀርም፥ ስፍራው ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበረ ስሙ ይመሰክራል። ንግግራችን ግን ስለ ዛፉ ሳይሆን ከሥሩ በአፈር ውስጥ በዓይን ሳይታዩ ስለሚኖሩት ተሐዋስያን ነው። በአንድ ጭብጥ ጤናማ አፈር ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች በምድር ላይ ካለው የሰው ቁጥር ይበልጣሉ።

የወደቀውን ቅጠል አብስብሰው ለዛፉ ምግብ አድርገው የሚመልሱት እነርሱ ናቸው። በበጋ መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከመሬት የሚነሣውን ሽታ የማያውቅ የለም፤ እርሱም አክቲኖማይሴት ከሚባሉት ወገኖች የሚመጣ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከዚሁ ወገን መሆኑን ስናስብ፥ አፈርን ረግጠን ማለፋችን ያስገርማል።

ታዲያ ዓይነታቸው በአንዱ አፈር በዝቶ በሌላው የሚያንሰው ስለ ምንድን ነው? ሙቀቱና ዝናቡ ይወስነዋል ብሎ መገመት ቀላል ነው። ኖህ ፊረርና ሮበርት ጃክሰን የተባሉት ሊቃውንት ግን ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ 98 የአፈር ናሙና መርምረው፥ ለባክቴሪያዎች ዓይነት ብዛት ዋነኛው ወሳኝ የአፈሩ ኮምጣጣነት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2006 አስታወቁ። መለኪያው ፒ ኤች ይባላል፤ 7 መካከለኛ ነው፥ ከዚያ አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት ግን 10 እጥፍ መኮምጠጥ ነው። አፈሩ ከ5 በታች ሲወርድ አሉሚንየም እየሟሟ ሥሩንና ባክቴሪያውን ይጎዳል፤ ፈንገሶች ግን ይህን ይታገሡታልና ስፍራውን ይወርሳሉ። ዝናብ የበዛበት የደጋ ቀይ አፈር ማዕድኑ እየታጠበ ስለሚሄድ ይኮመጥጣል፤ በከተማችን ደቡብ ያለው ጥቁር ዋልካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መካከለኛው የቀረበ ነው።

ዛፉም የራሱን እንግዶች ይመርጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማውን ከማገዶ ችግር አድኖታል፥ ውለታው አይካድም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ዘይትና ታኒን ስለ በዛበት ቶሎ አይበሰብስም። ግራር በሥሩ እባጭ ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎችን ያስጠጋል። የአዊ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ ከዚሁ ወገን ሲሆን በኮምጣጣ መሬት ላይ ይበቅላል። ጽድና ወይራ ደግሞ ፎስፎረስ ፈልገው ከሚያመጡላቸው ፈንገሶች ጋራ በሥራቸው ተወዳጅተው ይኖራሉ።

እንግዲህ በክረምት በግቢያችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ችግኝ ስትተክሉ፥ ከዚያው ዓይነት ጤናማ አሮጌ ዛፍ ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጥታችሁ በጉድጓዱ ጨምሩበት። የረገፈውን ቅጠል ጠርጋችሁ አታቃጥሉት። ኖራ ለመነስነስም አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ አፈሩን አስመርምሩ፥ ዋልካው ላያስፈልገው ይችላልና።