«ቫሊዴሽን» ለሚለው ቃል የአማርኛ አቻ ስለ መምረጥ

የኮምፒውተር ሥዕል አሠራርን የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ቫሊዴሽን» ነው። «ስቴት ቫሊዴሽን» የሚለው ሐረግ «ሁኔታን ማጽደቅ» ቢባል፣ አንባቢው ግራፊክስ ድራይቨር (ከዚህ በኋላ «ነጂ») እንደ ሸንጎ ውሳኔ የሚያጸድቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ስያሜ ከመምረጣችን በፊት ነገሩን እንመርምር።

ነጂ በፕሮግራሙና በሥዕል ፕሮሰሰሩ መካከል ሆኖ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ኦፕንጂኤል ፕሮግራሙ የቀለሙን፣ የጥልቀቱን፣ የሌላውንም አሠራር አንድ በአንድ፣ በፈለገው ቅደም ተከተል ይወስናል። የእነዚህ ድምር «ስቴት» ይባላል። እርስ በርስ መስማማታቸው በሙሉ የሚታወቀው ግን «ሳል» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ነው። በዚያን ጊዜ ነጂው ሁለት ተግባራት ይፈጽማል፦

ሀ) ውሳኔዎቹ የሚጋጩ መሆን አለመሆናቸውን ያያል፤ ከተጋጩ ስሕተቱን መዝግቦ ትእዛዙን ሳይፈጽም ይተወዋል።

ለ) ካለፈው ሥዕል ወዲህ የተለወጡትን ብቻ ለይቶ ፕሮሰሰሩ በሚረዳው መልክ ያሰናዳል።

እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል። በወረታ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ለሩዝ የሚያርስ ገበሬ እርፍ ከመጨበጡ በፊት ቀንበሩ አለመሰንጠቁን ያያል፤ ተሰንጥቆ ቢያገኘው አያርስም። ይህ ፍተሻ ነው። ምራኑ ላልቶ ቢያገኘው ግን አጥብቆ ወደ ሥራው ይገባል። ይህ ማሰናዳት ነው። ፍተሻ ሥራን ሊከለክል ይችላል፤ ማሰናዳት ግን ሥራን ያስጀምራል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ቩልካን ሁለቱ ተግባራት ተለያይተዋል። ማሰናዳቱ በአብዛኛው ከሥዕሉ ትእዛዝ አስቀድሞ ይከናወናል። ፍተሻው ደግሞ ፕሮግራም አዘጋጁ ሲፈልግ ብቻ ለሚጨምረው የተለየ ክፍል ተሰጥቷል፤ ነጂው ራሱ ስሕተትን የመፈለግ ግዴታ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጎመ ሰው ይህን ለማስረዳት ይቸገራል። አንባቢውም ነጂው ሁልጊዜ ከስሕተት ይጠብቀኛል ብሎ ይታለላል።

«ስቴት» ለሚለውም «ይዞታ» የሚል አቻ ሊታሰብ ይችላል። ሆኖም ይህ ቃል ለገበሬው በመጀመሪያ የሚያስታውሰው የመሬት ይዞታን ስለ ሆነ «ሁኔታ» የሚለውን እንመርጣለን።

ከዚህ በላይ በተመለከተው መሠረት፣ ስሕተትን ለመፈለግ ሲሆን «የሁኔታ ፍተሻ»፣ ለፕሮሰሰሩ ለማዘጋጀት ሲሆን «ሁኔታን ማሰናዳት» እንዲባል እናሳስባለን። «ማጽደቅ» ለሕግና ለስብሰባ ውሳኔ ይቆይ። ተርጓሚውም ቃሉን ባገኘ ቁጥር «ይህ ተግባር ሥዕሉን ሊከለክል ይችላልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማ ያውቃል።