ታሪክ የተሰፋበት ብርድ ልብስ

ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት መሬትና ከብት፥ ወርቅና ብር ብቻ አይደለም። በእጅ የተሠራ ዕቃም ታሪኩ አብሮ ከተነገረ ትልቅ ርስት ነው። ታሪኩ ካልተነገረ ግን ዕቃው ባረጀ ጊዜ እንደ ማናቸውም አሮጌ ነገር ይጣላል።

በአሜሪካ አገር ሴቶች ከቍርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፉት ብርድ ልብስ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ካረጀ ልብስ ደኅና ደኅናው እየተቈረጠ እርስ በርሱ ይሰፋና የላዩ ፊት ይሆናል። ከበታቹ ገበር ይደረግለታል፤ በመካከሉም የተባዘተ ጥጥ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥጡ ወደ አንድ ወገን እንዳይሰበሰብ ሦስቱ በአንድነት ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ድሪቶ ነው ብሎ ይንቀው ይሆናል። ነገር ግን የሟች አባት እጀ ጠባብና የሕፃን ቀሚስ በውስጡ የተሰፋበት እንደ ሆነ፥ ለቤተ ሰቡ እንደ መጽሐፍ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ ሃሪየት ፓወርስ ትባላለች። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በጆርጂያ አገር በባርነት ተወለደች። በ1865 ባርነት ከቀረ በኋላ ከባሏ ጋራ በእርሻ ሥራ ትኖር ነበር። በመርፌዋም፥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚሣለው ሥዕል፥ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በ11 ክፍል አድርጋ በብርድ ልብስ ላይ ሰፋች። አዳምና ሔዋን በገነት፥ ቃየል አቤልን ሲገድል፥ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል፥ የጌታም ጥምቀትና ስቅለት በዚያ ላይ ይታያሉ።

በ1886 ይህ ሥራ በአቴንስ ከተማ በተደረገው የጥጥ ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል አስተማሪ እጅግ ወደደችውና ልትገዛው ፈለገች፤ ሃሪየት ግን በምንም ዋጋ አልሸጠውም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ስለ ጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችው። ከእጇ ከወጣ በኋላም፥ እናት የተለያትን ልጅ እንደምትጠይቅ፥ እየሄደች ታየው ነበር።

ዋጋው ለድካሟ እጅግ ጥቂት ነበር። ነገር ግን አስተማሪዋ ጨርቁን ብቻ ተቀብላ ዝም አላለችም፤ የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጓሜ ከሠሪዋ አፍ ጠይቃ ጻፈችው። የሥዕሎቹ ምሥጢር ዛሬ የሚታወቀው ስለዚህ ነው።

ሃሪየት ሌላም ባለ 15 ክፍል ብርድ ልብስ ሠርታለች። በ1780 በቀትር የጨለመው ቀን፥ በ1833 ተወርዋሪ ከዋክብት እንደ ዝናም የወረዱበትም ሌሊት በዚያ ላይ ተሰፍተዋል። ሁለቱም የሆኑት እርስዋ ሳትወለድ ነው፤ እንግዲህ ያልታየው ነገር ከሌሎች አፍ ወደ ጆሮዋ፥ ከጆሮዋም ወደ መርፌዋ ደረሰ ማለት ነው። እርስዋ በ1910 ዐረፈች፤ ፊተኛው ሥራዋ በዋሽንግተን፥ ሁለተኛው በቦስተን በቤተ መዘክር ይጠበቃል።

በአሜሪካ አስተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ ለትምህርት ይሠሩበታል። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ የሰማውን አንድ ታሪክ በአንድ ቍራጭ ጨርቅ ላይ ይሠራል፤ በኋላም የሁሉ ቍራጭ በአንድነት ይሰፋል። ልኩን ያልጠበቀ ቍራጭ ከባልንጀራው ጋራ አይገጥምምና ተማሪው መለካትን ይማራል፤ ከስፌቱም ትዕግሥትን፥ ከታሪኩም ወላጆቹን ማክበርን ያገኛል።

አያት የፈተለችው ጋቢ ወይም የሰፋችው መሶብ በቤቱ ያለ ልጅም እንዲሁ ያድርግ። ማን እንደ ሠራው፥ መቼና ስለ ምን እንደ ተሠራ፥ አያቱ በሕይወት ሳለች ጠይቆ ይጻፈው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና።