ዱካ ምን ይናገራል?

በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ፣ ፍየል የቤተሰብ ጥሪት ናት። በሌሊት ተበልታ ስትገኝ የሚነሣው ጥያቄ «ጅብ ነው ወይስ ነብር?» የሚል ነው። መልሱን ስሻ አስቀድሜ የማየው መሬቱን ነው።

የሁለቱም ዱካ አራት ጣቶች ያሳያል። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። የጅብ ጥፍር ግን ስለማይሰበሰብ ከጣቶቹ ፊት ይታተማል፤ የፊት እግሩም ዱካ ከኋላው ይተልቃል።

ይሁን እንጂ የውሻም ጥፍር ይታተማል፤ ነብርም በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ ጥፍሩን ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዱካ አልፈርድም፤ ተከታታይ እርምጃዎችን አያለሁ።

ከሁሉም በላይ ዱካ ማን እንዳለፈ እንጂ ማን እንደ ገደለ አይናገርም፤ ጅብ ሌላው የገደለውንም ይበላልና። ይህን ካልለየን ያላጠፋውን አውሬ እንገድላለን፤ ያጠፋውም ተመልሶ ይመጣል።