እድፉን እንወቅ፤ ልብሱን እናድን

ልብስ ሀብት ነው። ጥጡ ይፈተላል፤ ሸማኔው ይሸምነዋል። ከገበያ የምንገዛውም ቢሆን እህል ሸጠን ነው። ታዲያ ይህን ያህል የተደከመበት ልብስ በአንድ ቀን ሲበላሽ ያሳዝናል።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ሠርግ ነበር። አንድ ጎረቤታችን አዲስ የሱፍ ኮት ለብሶ መጣ። ኮቱን የገዛው በሬ ሸጦ ከተረፈው ገንዘብ ነው። ማዕድ ሲነሣ ቀይ ወጥ ፈሰሰበት። ባለቤቱ በማግሥቱ ውሃ አፈላች። ኮቱን በፈላ ውሃ ነክራ በሳሙና አሸችው። ሲደርቅ ጊዜ ኮቱ ለአሥር ዓመት ልጃቸው ልክ ሆነ! ቅባቱም በደንብ አልለቀቀም። ሁለቱም አዘኑ። እኛም አዘንን። «ማን ነግሮን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ስለ እድፍ እንነጋገር ያልነውም ለዚህ ነው።

ሱፍ ለምን ይሰበሰባል?

ሱፍ የበግ ፀጉር ነው። እያንዳንዱ ፀጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ሙቅ ውሃ ሲያገኘውና ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዛል። አንዴ ከተያያዘ አይላቀቅም። ልብሱም ይሰበሰባል፤ ይጠብባል። ጥጥ ግን እንዲህ አይደለም። ነጭ ጋቢ ሙቅ ውሃ ይችላል። ስለዚህ ከማጠባችን በፊት «ይህ ልብስ ከምን ተሠራ?» ብለን እንጠይቅ።

እድፍም ጠባይ አለው

ደም፦ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ እንጠብ። እንቁላል በሙቀት እንደሚረጋ ሁሉ ደምም በሙቅ ውሃ ይረጋል። ከረጋ አይለቅም።

ቅቤና ዘይት፦ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ጥቂት ነጭ ዱቄት ነስንሰን ቅባቱን እስኪመጥ እንተወው። ከዚያ ዱቄቱን አራግፈን፣ ልብሱ ጥጥ ከሆነ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እንጠብ።

ወጥ፦ ይህ ሁለት እድፍ ነው። አንዱ ቅባት ነው፤ ሌላው የበርበሬው ቀለም ነው። መጀመሪያ ቅባቱን በሳሙና እናስለቅቅ። ቀጥሎ ነጩን ልብስ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ እናስጣ። የበርበሬን ቀለም ፀሐይ ያደበዝዘዋል።

ጭቃ፦ አንቸኩል። ይድረቅ። ከዚያ እናራግፈው፤ በኋላ እንጠበው። እርጥቡን ጭቃ ብናሸው ወደ ውስጥ ይገባል።

ጧፍና ሻማ፦ የደረቀውን ሰም በቀስታ እንፋቅ። ከላይና ከታች ወረቀት አድርገን ለብ ያለ ካውያ እናሳርፍበት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል።

ዝገት፦ ነጭ የጥጥ ልብስ ከሆነ ሎሚና ጨው ቀብተን ፀሐይ ላይ እናቆየው። በኋላ በብዙ ውሃ እናለቅልቀው።

ለሁሉም ግን አንድ ሕግ አለ። ቶሎ እንድረስለት። በኃይል አንሸው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያልን እናስመጥጠው። ያላወቅነውን ነገር ደግሞ መጀመሪያ በማይታይ ጠርዝ ላይ እንሞክር። በተለይ ባለ ጥለት ነጠላ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

እናቶቻችንና እንዶድ

ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዓድዋ ወንዝ ዳር አንድ ነገር አዩ። ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያን በሽታ ያዛምታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እንዶድ ብዙ ጥናት ተደረገ። ይሁንና እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን ዓሣ ወዳለበት ውሃ አናፍስስ።

ላውንደሪ ምን ያደርጋል?

ከተማ ውስጥ «ላውንደሪ» የሚባል ቤት አለ። የሱፍ ልብስ እዚያ ይሰጣል። ሥራው «ደረቅ እጥበት» ይባላል። ደረቅ ሲባል ግን ፈሳሽ የለውም ማለት አይደለም፤ ውሃ የለውም ማለት ነው። ሠራተኛው ኪስ ይፈትሻል፤ ቁጥር ያስርበታል። እድፉን አይቶ ለብቻው ያክመዋል። ከዚያ ልብሱ መኪና ውስጥ ይገባል። መኪናው ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ ያጥበዋል፤ በሞቀ አየር ያደርቀዋል። በመጨረሻ በእንፋሎት ይተኮሳል። ውሃ ስለማይነካው ሱፉ አይሰበሰብም።

ላብና ስኳር ግን በዚህ ፈሳሽ በደንብ አይለቁም። ስለዚህ ልብስ ስንሰጥ «ይሄ ሻይ ነው፤ ይሄ ቅቤ ነው» ብለን እንንገረው። ልብሱን ስንቀበል ደግሞ ከላስቲኩ አውጥተን ነፋስ እናስመታው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ፈሳሽ ሽታው ለጤና ጥሩ አይደለም።

ተጠንቀቁ!

ጎበዝ፣ ልብስ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

አንዳንዶቻችን ቅባት ለማስለቀቅ ቤንዚን እንጠቀማለን። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። የቤንዚን ትነት አይታይም፤ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ይፈልጋል። ምድጃው ራቅ ቢል እንኳ ይያያዛል። በቤንዚን ልብስ አንጠብ።

በረኪና ደግሞ ነጭ ጥጥ ያነጣል፤ ሱፍና ሐር ግን ያበላሻል፤ ቀለም ያለውን ልብስ ያነጣዋል። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አንቀላቅል። መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል።

ከሁሉም የሚብሰው በረኪናን በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። ልጅ የሚጠጣ ይመስለዋል! በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፤ ስሙ ይጻፍበት፤ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ልጅ ከጠጣው አናስመልሰው። አፉን በውሃ አጉመጥሙጠን ዕቃውን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ።

ምልክቱን እናንብብ

በተገዛ ልብስ ውስጥ ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች። ጽሑፉ የፈረንጅ ቢሆንም ምልክቱን ማንም ያነበዋል። የሳፋ ሥዕል «በውሃ ይታጠባል» ማለት ነው። ሳፋው ላይ ሁለት መስመር ተጠላልፎ ከተሰረዘ «ውሃ አይንካው» ማለት ነው። ባዶ ክብ ወይም ፊደል ያለበት ክብ «ለላውንደሪ ይሰጥ» ይላል። የተሰረዘ ሦስት ማዕዘን «በረኪና አይንካው» ይላል።

የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ያንን ኮት ለብሶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እናቱ ኮቱን ገልብጣ አሳየችን። ጨርቋ ውስጡ ተሰፍታ ነበር። የተሰረዘ ሳፋ አለባት። «ያን ጊዜም እዚሁ ነበረች፤ እኛ ነን ያላየናት» አለች።

እስቲ እንወያይ
1. ደም በሙቅ ውሃ የማይታጠበው ለምንድን ነው?
2. በቤታችን በረኪና የት ተቀምጧል? ስሙስ ተጽፎበታል?
3. ዛሬ የለበስነው ልብስ ላይ ምን ምልክት አለ?