ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ፦ የሲሊኮን ጡት የስልሳ ዓመት ክርክር

በውበት ሕክምና ዙሪያ ከሚነሡ ክርክሮች መካከል ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት አንዱ በጡት ውስጥ የሚቀመጠው የሲሊኮን ኢምፕላንት ለጤና ጠንቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ኢምፕላንት በቀዶ ሕክምና ወደ ሰውነት ገብቶ በዚያው እንዲቆይ የሚደረግ ሰው ሠራሽ አካል ሲሆን፣ የጡቱ ኢምፕላንት የሲሊኮን ጄል ወይም የጨው ውሃ የተሞላ የሲሊኮን ከረጢት ነው። ሥራው የሚከናወንበት ዘርፍ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መባሉ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ቃሉ ግን ቅርጽ መስጠትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣና የፋብሪካው ፕላስቲክ ከመፈልሰፉ በፊት በሕክምና መጻሕፍት ይሠራበት የነበረ ነው። ዘርፉ በቃጠሎ፣ በአደጋ ወይም በካንሰር የተጎዳን አካል መልሶ መሥራትንም፣ ጤናማውን አካል ለውበት ሲባል ማስተካከልንም ያቅፋል። አንዱ ኢምፕላንት ጡቷ በካንሰር ምክንያት ለተቆረጠችውም ጡቷን ማተለቅ ለምትሻውም የሚያገለግል በመሆኑ፣ በአንዷ ዘንድ ሊታለፍ የሚችለው አደጋ በሌላዋ ዘንድ ከባድ ሆኖ ይገኛል።

ጡትን በባዕድ ነገር የመሙላት ሙከራ ከሲሊኮን ይቀድማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በጀርመን ሀይደልበርግ የነበረው ቀዶ ሐኪም ቪንሴንዝ ቼርኒ ከአንዲት ታካሚ ጀርባ ያወጣውን የስብ ዕጢ ወደ ጡቷ አዛውሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመርፌ ይሰጥ የነበረው ፓራፊን እየጠጠረና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እየፈለሰ ብዙዎችን ጎድቷል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በጃፓን ፈሳሽ ሲሊኮን በመርፌ መስጠት ተጀምሮ ተመሳሳይ ጉዳት አስከትሏል። በ1962 በቴክሳስ ሂውስተን ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው ዳው ኮርኒንግ ከተባለው ኩባንያ ጋር ያዘጋጁትን በጄል የተሞላ ከረጢት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ጡት ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ ከረጢቱ ሲሊኮኑን ከሰውነት ለይቶ ስለሚይዝ የመርፌው ችግር የተፈታ መስሎ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሕክምና መሣሪያዎች ላይ ቅድመ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። ሥልጣኑን ያገኘው በ1976 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ቀድሞ ገበያ ላይ የነበሩ መሣሪያዎች ማስረጃ እስኪጠየቅባቸው ድረስ በነበሩበት እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ አምራቾችም የደኅንነት ማስረጃቸውን እንዲያቀርቡ የተጠየቁት በ1991 ነው። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና እስከዚህ ጥያቄ ድረስ ያለፉት 29 ዓመታት የኋላውን ውዝግብ ሁሉ ይገልጻሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ማስረጃው መሰብሰብ የነበረበት ኢምፕላንቱ በመቶ ሺዎች ሰውነት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነበርና።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ዴቪድ ኬስለር በጥር 1992 የጄል ኢምፕላንት ሽያጭ እንዲቆም ሲጠይቁ ምክንያታቸው ጉዳቱ መረጋገጡ አልነበረም፤ ሕጉ ደኅንነትን የማስረዳቱን ሸክም የጣለው በአምራቹ ላይ ሲሆን አምራቹ ያንን አላሟላም ነበር። ሕዝቡ ግን እርምጃውን የጥፋተኝነት ፍርድ አድርጎ ወሰደው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አካል የሚያጠቃባቸው እንደ ሉፐስና እንደ መገጣጠሚያ ቁርጥማት ያሉ ሕመሞች ከሲሊኮን መጥተዋል የሚሉ ክሶች በሺዎች ጎረፉ፤ ዳው ኮርኒንግም በ1995 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። እነዚህ ሕመሞች ግን ኢምፕላንት በሌላቸው ሴቶችም ላይ የሚታዩ በመሆናቸው፣ ኢምፕላንት ካላቸው እጅግ ብዙ ሴቶች መካከል የተወሰኑት በአጋጣሚም ቢሆን መታመማቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ወሳኙ ነገር የታመሙትን መቁጠር ብቻ ሳይሆን ኢምፕላንት ከሌላቸው ጋር ማነጻጸር ነው። የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ1994 ኢምፕላንት ያላቸውን 749 ሴቶች በዕድሜ ከሚመሳሰሏቸው ጋር አነጻጽረው የበሽታ ብልጫ አላገኙም፤ በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ያወጣው ሰፊ ግምገማም ከዚሁ ድምዳሜ ደረሰ። ይኸው ግምገማ በአካባቢው የሚደርሰው ጉዳት፣ ማለትም ከረጢቱ መቀደዱና ዙሪያውን የሚያቅፈው ጠባሳ ተኮማትሮ ጡቱን ማጠንከሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምና ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያስከትል መሆኑን መዝግቧል፤ በሕዝብ ዘንድ የተሰማው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሽያጩ በ2006 ዳግም ተፈቀደ።

የፈረንሳዩ የኢምፕላንት አምራች የፒአይፒ ጉዳይ ከዚህ በዓይነቱ ይለያል፤ የሳይንስ ጥርጣሬ ሳይሆን ተራ ማጭበርበር ነበርና። ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም መቆየቱ በ2010 ተደረሰበት፤ በ2011 መጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት 30,000 ያህል ሴቶች ኢምፕላንታቸውን እንዲያስወጡ መከረ፤ በዓለም ዙሪያ ደግሞ 300,000 ገደማ ሴቶች የኩባንያው ተጠቃሚዎች እንደነበሩ ተገምቷል። መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስ በ2013 የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ብዙ አገሮች የራሳቸውን ተጠቃሚዎች ለማግኘት ሲሞክሩ የትኛዋ ሴት የትኛውን ምርት እንደያዘች የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ እንዳልነበራቸው ግልጽ ሆነ።

ሦስተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ችግርን ለመፍታት በተወሰደ እርምጃ ነው። የጠባሳውን መኮማተር ለመቀነስና ኢምፕላንቱ ከቦታው እንዳይዞር ለማድረግ አምራቾች ገጹን ሸካራ አድርገውት ነበር፤ በዚህ ሸካራ ኢምፕላንት ዙሪያ በሚሠራው ጠባሳ ውስጥ ግን የጡት ካንሰር ያልሆነ፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሣ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር አልፎ አልፎ ይታይ ጀመር። የመጀመሪያው ታካሚ በሕክምና መጽሔት የተዘገበው በ1997 ሲሆን፣ በሐምሌ 2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ የሠራው ባዮሴል የተሰኘ ሸካራ ምርት ከገበያ እንዲወጣ ሲጠየቅ በዓለም ዙሪያ 573 ታማሚዎችና 33 ሞቶች ተመዝግበው ነበር። ቁጥሩ ኢምፕላንት ካላቸው ሚሊዮኖች አንጻር ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ብርቅ በሽታ ደግሞ ጥቂት መቶ ሰዎችን በሚከታተል ጥናት አይገኝም። ማዮ ክሊኒክ በ749 ሴቶች ላይ ያካሄደው ጥናት ለዘመኑ ጥያቄ በቂ ሆኖ ሳለ ለዚህኛው የሚናገረው የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

የ2006ቱ የአሜሪካ ፈቃድ እያንዳንዱ አምራች 40,000 ያህል ሴቶችን ለአሥር ዓመት እንዲከታተል ያስገድድ ነበር፤ ይሁንና ከተመዘገቡት ብዙዎቹ በየዓመቱ ከክትትል እየጠፉ ሄዱ፤ በ2019 ደግሞ ለሁለት አምራቾች የክትትል ግዴታቸውን ባለመወጣታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። በ2021 በምርቱ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ፣ ታካሚዋም ከቀዶ ሕክምናው በፊት አደጋዎቹ በዝርዝር የተጻፉበትን ቅጽ እንድትፈርም ታዘዘ። ኔዘርላንድ፣ አውስትራሊያና ብሪታንያ ብሔራዊ መዝገብ አቋቁመዋል፤ መዝገቦቹ ግን የሚይዙት በአብዛኛው ከ2015 ወዲህ የተደረጉትን ቀዶ ሕክምናዎች በመሆኑ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ኢምፕላንት ያስገቡና ዛሬ በእርጅና ዘመን ላይ የሚገኙ ሴቶች አብዛኞቹ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም።