ከቁልፍ ርክክብ በኋላ፦ ጀሞ እንዴት ሰፈር ሆነ?

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚወጣበት ቀን ከተማው በሙሉ ጆሮውን የሚያቆምበት ቀን ነው። ስም ዝርዝሩ በጋዜጣ ሲታተም ሰው ጣቱን ከመስመር መስመር እያንሸራተተ የራሱን፣ የእህቱን፣ የጎረቤቱን ስም ይፈልጋል። የወጣለት እልል ይላል፤ ያልወጣለት አንገቱን ደፍቶ ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል። ላለፉት 20 ዓመታት ስለ ኮንዶሚኒየም ያወራነውና የተከራከርነው በአብዛኛው ስለዚህ ቀን ነው፤ ማን ደረሰው፣ ማን ቀረ፣ ማን ያለ አግባብ ገባ እያልን። ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ ስለሚመጣው ኑሮ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። የከተማው ዕድል የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ጀሞ ያንን ኑሮ ለማየት ይመቻል። ከመሀል ከተማ በደቡብ ምዕራብ፣ ከጀርመን አደባባይ አልፎ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አካባቢው ገና የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት ጀሞ 1፣ ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 የተባሉት ሳይቶች ተከታትለው ተነሡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ገቡ። ዛሬ ጀሞ የራሱ ገበያ፣ የራሱ የታክሲ ወረፋ፣ የራሱ የምሽት ድምቀት ያለው ሰፈር ነው። «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል «ጀሞ» ብሎ የሚመልስ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ ትውልድም ደርሷል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከጀሞ አይደለም። ደርግ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በዝቅተኛ ኪራይ የሚታወቁት የቀበሌ ቤቶች ብዙ ድሀ ቤተሰብን ከጎዳና አድነዋል። ኪራያቸው ግን ጣሪያ ለመቀየር እንኳ ስለማይበቃ እየዘመሙ፣ እየጠበቡ፣ መጸዳጃ ቤቱ ለብዙ አባወራ እየሆነ ሄደ። ከተማው እያደገ አዲስ ቤት የሚሠራለት ባለማግኘቱም በ1990ዎቹ የቤት ችግር ከመጠን አለፈ።

አቶ አርከበ ዕቁባይ ከተማውን በሚመሩበት ጊዜ፣ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ጋር በመተባበር በገርጂ የሙከራ ሕንጻዎች ተሠሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወጪ የሚቀንስ አሠራር፣ ወደ ላይ የሚያድግ ሕንጻ፣ በብድር የሚከፈል ዋጋ። ብሎኬቱን የሚያመርቱት፣ በርና መስኮቱን የሚበይዱት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ። ዕድለኛው ቅድመ ክፍያውን ይከፍላል፤ ቀሪውን ንግድ ባንክ ያበድረዋል። የምድር ቤት ሱቆች በጨረታ እየተሸጡ የቤቱን ዋጋ ይደጉማሉ። ወደ ውጭ አገር ሳይሄድ፣ ባለሀብት ዘመድ ሳይኖረው የራሴ ቤት ይኖረኛል ብሎ ለማያስብ ሰው ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ነው።

ሕንጻዎቹ በአብዛኛው ከምድር በላይ አራት ፎቅ ናቸው፤ ደረጃቸው በውጭ በኩል ነው፤ አሳንሰር የላቸውም። ቤቱ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ ይሆናል። በዕቅዱ ላይ አንድ በጎ ሐሳብ ነበር፦ ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ይሠራ፤ ነዋሪው እንጀራ ይጋግርበት፣ ልብስ ይጠብበት፣ በበዓል ይረድበት። ፎቅ ላይ መኖር ገና እንግዳ ለሆነበት ሰው የጓሮ ምትክ ነበር የታሰበው። ነዋሪዎች ቤቱን ሲረከቡ ግን ብዙ ቦታ ይህ ቤት ወይ አልተጠናቀቀም፣ ወይ ለቢሮና ለመጋዘን ውሏል፣ ወይ ለንግድ ተከራይቷል። እንጀራውም በየኩሽናው መጋገር ጀመረ፤ በጉም በየደረጃው ሥር ይታረዳል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣና ግፊቱ እስከ ላይ ስለማይደርስ፣ የአራተኛ ፎቅ ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ነበር። ሥራውም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ የለመደው ገበያም መሀል ከተማ የቀረበት ሰው ጠዋትና ማታ በትራንስፖርት ይሰቃያል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ነው የሚሄደው፤ ጀሞን አያውቃትም። የጀሞ ሰው ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ለሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ይሰለፋል።

ከሁሉ የከበደው ግን ብቸኝነቱ ነበር። ዕጣ ሰውን በዘፈቀደ ነው የሚደለድለው። ከመርካቶ የመጣው ነጋዴ ከመንግሥት ሠራተኛዋ ጎን፣ ጡረተኛው ወታደር ከአዲስ ተጋቢዎቹ በላይ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ጴንጤው በአንድ ደረጃ ላይ ይገናኛሉ። በልደታና በአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎት ለመልሶ ማልማት ተነሥተው በዳር ወዳሉ ሳይቶች ለሄዱት ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነበር። ለአርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ፣ ጨውና በርበሬ የተበዳደሩ፣ የአንዱን ልጅ ሌላው የቀጣ ጎረቤታሞች በአንድ ጊዜ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ግቢ ውስጥ ጉልት ዘርግታ ወይም እንጀራ ጋግራ ስትሸጥ ለኖረች እናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መውጣት ከገበያዋ መነቀል ማለት ነው።

ይህንን የተበተነ ሕዝብ መልሶ የሰበሰበው እድር ነው። በጀሞም እንደሌሎቹ ሳይቶች፣ ብዙ ሰው ገና ቀለም ቀብቶ ሳይጨርስ የእድር ስብሰባ ተጠርቷል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ብረት ምጣድ ተገዛ፤ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። የእድሩን ትርጉም ለመረዳት የኮንዶሚኒየም ለቅሶን ማየት ይበቃል። ከአራተኛ ፎቅ አስከሬን ማውረድ ራሱን የቻለ ብልሃት ይጠይቃል። በመታጠፊያው ላይ ሣጥኑ አይዞርም፤ ስለዚህ ከላይ የያዙት ዝቅ፣ ከታች የያዙት ትከሻቸው ላይ ከፍ አድርገው፣ «ቀስ! ትንሽ ወደ ግራ!» እየተባባሉ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው እየዳበሱ ይወርዳሉ። ታች በሁለት ብሎኮች መካከል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳኑ ተተክሏል። መኪና ያላቸው ሳይነገራቸው ሌሊቱን አንሥተዋል። የምድር ቤት ሱቁ ሙዚቃውን አጥፍቷል። ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ካርታ ያለውን ከተከራዩ የሚለይ ሰው የለም።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ቅርጫ አለ። ገንዘቡ ቀድሞ ይዋጣል፤ ሰንጋው ከዋዜማው በፊት ይገባል። ሲታረድና ሲበለት መደቡ የሚደለደለው በትዕግሥት ነው። ሽንጡ፣ ታናሹ፣ ጎድኑ፣ ጉበቱ በየመደቡ ይመዘናል፤ የጎደለው ይጨመርበታል፤ የበዛው ይቀነስለታል፤ ሁሉም አይቶ «ተስተካክሏል» ካለ በኋላ ብቻ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የሚታመነው አስቀድሞ ድልድሉ ስለታመነ ነው። የቤት ፕሮግራማችን ለዕጣው የሰጠውን ትኩረት ለድልድሉ፣ ማለትም ለውኃው፣ ለመንገዱ፣ ለጋራ ቤቱ፣ ለጎረቤቱ አልሰጠም።

የጀሞን ችግር ሥር የሚያሳየው የባለቤትና የነዋሪ ልዩነት ነው። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ሕንጻ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን፣ የፍሳሽ መስመሩን በማኅበር እንዲያስተዳድር ያዛል። ማኅበሩ የባለቤቶች ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም ባለቤት ነው። አዋጁ ሲወጣ ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ እንደሚኖር ታስቦ ይመስላል። ኑሮ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። የባንክ ዕዳው የከበደው ባለዕድል ቤቱን አከራይቶ በኪራዩ ዕዳውን እየከፈለ፣ ራሱ ረከስ ያለ ቤት ተከራይቶ ወይም ከዘመድ ተጠግቶ ኖረ። ሥራው ከመሀል ከተማ ያልተላቀቀው ደግሞ ጀሞን ትቶ እዚያው ቀረ። ውጭ አገር የሄደም አለ። ቤቱን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት መሸጥ ስለማይፈቀድ ማከራየት ብቸኛው መንገድ ነበር። እንዲህ እየሆነ ብዙ ብሎክ በተከራይ ተሞላ።

ውጤቱን በየደረጃው ማየት ይቻላል። የደረጃው አምፖል ተቃጥሏል፤ የፍሳሹ ቱቦ ተደፍኖ ምድር ቤቱ ይሸታል፤ የውኃ ፓምፑ ጥገና ይፈልጋል። የብሎክ ተወካዩ ስብሰባ ሲጠራ ከባለቤቶቹ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው። ለሌሎቹ ሲደወል፣ ከቤቱ ርቆ ለሚኖረው ሰው አምፖሉ ምኑም አይደለም። በዚያ ደረጃ ማታ ማታ ልጇን ታቅፋ በጨለማ የምትወጣው ተከራይ ደግሞ ገንዘብ ለማዋጣት ዝግጁ ብትሆንም በጉዳዩ ላይ ድምፅ የላትም። ጥበቃ ሲቀጠር፣ የግቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋ ሲባል፣ የጋራ ቤቱ ለማን ይከራይ ሲባልም እንደዚያው ነው። የሚኖርበት አይወስንም፤ የሚወስነው አይኖርበትም።

እድሩ ይህንን ጥያቄ ከሕጉ ቀድሞ ነው የገጠመው። ተከራይን እንቀበል ወይስ አንቀበል፣ ከተቀበልንስ መዋጮው ስንት ይሁን የሚለው ብዙ ያከራከረ ነገር ነው። ተከራይ ነገ ይሄዳል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ሆኖም ብዙ እድሮች በየራሳቸው መንገድ በሩን ከፍተዋል፤ አጠገብህ ሞቶ ሳትቀብረው መቅረት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና። ሥራ የምትውል ወጣት ተከራይ «እትዬ፣ ቁልፌን ከእርስዎ ዘንድ ላስቀምጥ፤ ወንድሜ ከክፍለ ሀገር ይመጣል» ብላ የምትሰጣቸው እናት የኪራይ ውሏን አይጠይቋትም። ሰፈርን ሰፈር ያደረገው ይህ መተማመን ነው።

መንግሥት ለተከራይ ዋስትና መስጠት የጀመረው ዘግይቶ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደነገገ። የሁለት ዓመት ውል ያለው ሰው የመንገደኛ ያህል ሊታይ አይገባም። ልጁን አቅራቢያ ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ እድር ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሰው በሕንጻው አስተዳደር ላይ ድምፅ መንፈግ ምክንያት የለውም።

ሌላም ያልተዘጋ ሒሳብ አለ። ጀሞም ሆነ ሌሎቹ የዳር ሳይቶች የተሠሩት ገበሬ ይኖርበት በነበረ መሬት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣ የሚያገኘው ባለፉት 5 ዓመታት የነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። የዐሥር ዓመት ገቢ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ብዙ ይመስላል፤ ከልጅ ልጅ የሚተላለፍ መሬትን ግን አይተካም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ከዳር ሳይቶቹ አንዱ በሆነው በኮዬ ፈጬ ቤቶች ምክንያት በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣው ተቃውሞ የዚያ ቁጭት ድምፅ ነበር። ባለዕድሉም ለዓመታት ቆጥቦ የጠበቀ ነው፤ ገበሬውም ቤቱን ያጣ ነው። ሁለቱን ያጋጨው ዕቅዱ ነው፤ መሬቱን የለቀቀው ሰው በአዲሱ ሰፈር ውስጥ ቤት፣ ሱቅና ሥራ እንዲኖረው ከመጀመሪያው ማሰብ ይቻል ነበር።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰረዘ፤ ዳግም ለማውጣትም ወራት ፈጀ። አገር ተቆጣ፤ መቆጣቱም ተገቢ ነው። ያንን ያህል ቁጣ ግን ለዓመታት ውኃ ላልወጣለት አራተኛ ፎቅ፣ ለተዘጋው የጋራ ቤት፣ ድምፅ ለሌለው ጎረቤት አላሳየንም።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ጀሞ ያለፈበትን መንገድ እነሱም እንደ አዲስ እንዲሄዱበት መፍረድ አይገባም። የሚያስፈልገው ነገር ይታወቃል፤ ጀሞ በራሱ ላይ ሞክሮ አይቶታል። ተነሺዎች እድራቸውን ይዘው፣ ጎረቤታሞች በአንድ ብሎክ እንዲደለደሉ ይደረግ። የጋራ መጠቀሚያ ቤቱ ከመኖሪያው ጋር አብሮ ይጠናቀቅ፤ ለሌላ አገልግሎት የዋለውም ለነዋሪው ይመለስ። የጋራ ሕንጻ አዋጁ ተሻሽሎ፣ በውል የተመዘገበ ተከራይ ቢያንስ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በውኃና በግቢ አጠቃቀም ላይ ድምፅ ይኑረው። የባለቤቱ ሀብት በካርታው የተጠበቀ ስለሆነ ከዚህ የሚጎድልበት ነገር የለም።

የጀሞ ሰዎች ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከየአቅጣጫው መጥተው፣ በሃይማኖትም በኑሮ ደረጃም ተለያይተው፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ በትከሻው ተሸክሞ ሰፈር ሠርተዋል። መንግሥት ሕንጻውን ሰጥቷቸዋል፤ ለዚያ ምስጋና ይገባዋል። የቀረው የእነሱን ሥራ በሕግ ማወቅ ነው፤ በአንድ ሰፈር ላይ የመወሰን መብት እዚያ ለሚኖሩትም ይሁን።