«ቅሬታው ተቀባይነት የለውም» ከተባለ በኋላስ?



የኮዬ ፈጬ ነዋሪ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ቀኑን የሚጀምረው ሌላው ሰፈር ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። ከሱብሒ ሶላት እንደ ወጡ ወደ ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ሰልፍ መሮጥ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ መሐል ከተማ መዝለቅ የዘወትር ተግባር ነው። ማታም መንገዱ ያው ነው። ይህን ሁሉ ደክሞ የሚሠራ ሰው በመሥሪያ ቤቱ በደል ሲደርስበት፣ አቤት ሲልም «አይሆንም» ሲባል ምን ያድርግ? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳን በዚሁ ሰፈር ከምናስተምራቸው ልጆች የአንዱ እናት ያጫወቱን ጉዳይ ነው። እኚህ እህታችን ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ከወሊድ ፈቃድ በተመለሱ ማግስት ለደረጃ ዕድገት ተወዳደሩ። ቦታው ግን በአገልግሎት ዘመንም በትምህርትም ከእሳቸው ለሚያንስ ባልደረባቸው ተሰጠ። ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለከቱ። ከሳምንታት በኋላ የደረሳቸው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ያቀረቡት ቅሬታ ተቀባይነት የለውም»።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸውን ከመድረሳ ሊወስዱ መጥተው ወረቀቱን አሳዩን። «ኡስታዝ፣ እኔስ ለአላህ ሰጥቼዋለሁ። አባቱም ተይው፣ ያለሽንም እንዳታጪ ብሎኛል» አሉን። ፊታቸው ግን የተወ ሰው ፊት አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ የባለቤታቸውን ስጋት አናቃልለውም። የቤት ኪራይ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበት፣ ልጆች የሚያስተምር ቤተሰብ «ተከራካሪ ናት» የሚል ስም በቢሮ ቢወጣ የሚያመጣውን ጣጣ ያውቀዋል። ባህላችንም ቢሆን «ዝም አይነቅዝም»፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ አሳድጎናል። ሆኖም ሶብር ማለት መብትን ጥሎ መቀመጥ አይደለም። ተወኩልም ቢሆን ሰበብ ከማድረስ በኋላ የሚመጣ ነው። በእስልምና ታሪክ ሰዎች በሹማምንት ላይ አቤት የሚሉበት «ዲዋን አል-መዛሊም» የተባለ ራሱን የቻለ ችሎት ነበር። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታላቁ የሕግ ሊቅ አል-ማወርዲም ስለ አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ ለዚህ ችሎት ሰፊ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ባለሥልጣንን በሥርዓቱ መጠየቅ እንግዳ ነገር ወይም አመጽ አይደለም ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን ይህ ጥያቄ የትናንት አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ባደረጉ ጊዜ ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች መካከል በመንግሥት ሥራና ሹመት በእኩልነት የመሳተፍ ጥያቄ ይገኝበታል። ሰልፉ ሁሉንም ችግር ባንድ ጊዜ አልፈታም። ነገር ግን በደርግ ዘመን ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወጁ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በዘር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በዕድገትና በደመወዝ እኩል መብት እንዳላቸው፣ የወሊድ ፈቃድም ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንደሚያገኙ ይናገራል። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 እ.ኤ.አ. በ1966 አጽድቃለች።

ታዲያ እህታችንን ምን መከርናቸው? መጀመሪያ የጠየቅናቸው «ለምን ተቀባይነት አጣ? ምክንያቱ የት ተጻፈ?» ብለን ነው። በወረቀቱ ላይ ምክንያት አልነበረም። ይግባኝ የሚባለው ደግሞ በውሳኔው ምክንያት ላይ ነውና፣ ምክንያቱን ሳያውቁ መከራከር በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው በትሕትና ማመልከቻ አስገቡ፤ ቅጂውንም መዝገብ ቤት አስመትተው ያዙ።

መልሱ ሲመጣ ነገሩ ተገለጠ። «አመልካቿ በወሊድ ፈቃድ ላይ በመሆናቸው የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ስላልነበራቸው» ይላል! ወሊድ ፈቃድ ሕግ የሰጣቸው መብት ነው። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሰው መብቱን ስለ ተጠቀመ ከውድድር ከወደቀ፣ መብቱ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ተነጠቀ ማለት ነው። ወንድ ባልደረባቸው ይህ ጉድለት ሊገጥመው አይችልምና፣ አድልዎው የታየው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤውን ያነበበው ባለቤታቸውም «እንግዲያስ ይግባኙን አብረን እንጽፈዋለን» አለ።

በተመሳሳይ ችግር ላይ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች የሚከተሉትን ነጥቦች እናስታውስ።

አንደኛ፣ ቀጣሪያችሁ ማን እንደ ሆነ ለዩ። በኮዬ ፈጬ አንድ ደረጃ ላይ በር ለበር ከሚኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ የፌዴራል፣ ሌላው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ ሦስተኛው የኦሮሚያ ክልል ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የሚተዳደሩበት አዋጅና ይግባኝ የሚሉበት የአስተዳደር ፍርድ ቤት የየራሱ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064 ራሱ በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷልና በአሮጌው አዋጅ እንዳትከራከሩ ተጠንቀቁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ አያገለግልም።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ጻፉ። የይግባኝ ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው። እውነት ይዘው በመዘግየት ብቻ የተረቱ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ አድልዎን የሚያሳየው ንጽጽር ነው። «ጠልተውኝ ነው» ከማለት ይልቅ የማስታወቂያውን መስፈርት፣ የራሳችሁንና የተመረጠውን ሰው የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ደረጃና ነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሰውን ስም ማጥፋት ጉዳዩን ያበላሻል፤ ጊባም ያስከትላል።

አራተኛ፣ ሌሎች በሮችንም እወቁ። የእንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀበሉት ያለ ክፍያ ነው። ይሁን እንጂ እንባ ጠባቂ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምርም፤ የሚሰጠውም የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም። ወደ እነዚህ መሄድ የይግባኙን ቀን ያቆመዋል ብላችሁ አትዘናጉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይግባኝ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለን አንዋሽም። በጀርመን አገር ፈረሽታ ሉዲን የተባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1998 ሒጃብ በመልበሳቸው ምክንያት በባደን ቩርተምበርግ ግዛት በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይቀጠሩ ተከለከሉ። በሦስት እርከን ፍርድ ቤቶች ተረቱ። በመስከረም 2003 ግን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ግልጽ ሕግ በሌለበት መከልከላቸው መብታቸውን እንደሚጥስ ወሰነ። ግዛቱ በዓመቱ ክልከላውን በሕግ አወጣና ሴትዮዋ ያንን ሥራ ሳያገኙት ቀሩ። ነገር ግን ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሌሎች መምህራት አቤቱታ ላይ ጅምላ ክልከላ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ። የመጀመሪያዋ የከፈተችው በር ለኋለኞቹ መግቢያ ሆነ።

የእህታችን ይግባኝ ገብቷል፤ ውሳኔውን እየጠበቁ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ስናገኛቸው «ቢፈርዱልኝም ባይፈርዱልኝም፣ ከእኔ በኋላ የምትወልደው ባልደረባዬ ይህ ወረቀት ይጠቅማታል» አሉን። ያን ዕለት ፊታቸው ላይ ያየነው ዕረፍት፣ መጀመሪያ «ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» ባሉ ጊዜ ያጣነው ነበር። ሰበቡን አድርሰው ሲያበቁ መስጠት ማለት ይህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) መብቱን በሥርዓት ከሚጠይቁ፣ የሌላውንም መብት ከማይነኩ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።